2,147,483,647፦ ስለ አንድ ቁጥር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህን ቁጥር አንድ ቦታ ሳታዩት አልቀራችሁም። ጌም ሲጫወት ገንዘቡ ከዚህ አላልፍ ያለበት ሰው ያውቀዋል። ዳታቤዝ ላይ የሚሠራ ሰው ደግሞ አይቶት ደንግጧል። እኔ አንዴ ስለ እሱ ማውራት ከጀመርኩ ማቆም አይሆንልኝም። ስለዚህ እስካሁን የተጠየቅሁትን እዚህ ሰብሰብ አድርጌዋለሁ። ዓ.ም. ያላልኩበት ዓመት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

ምን የተለየ ነገር አለው?

31 ሁለቶችን በረድፍ ጻፉና አባዟቸው። ከሚመጣው ላይ አንድ ቀንሱ። አለቀ፤ 2³¹ − 1 ማለት ይኸው ነው።

2³¹ ራሱ፣ ማለትም 2,147,483,648፣ አሰልቺ ቁጥር ነው። ውስጡ ቢፈተሽ ከሁለት በቀር ምንም አይገኝም። አንዷ ስትነሳለት ግን ነገሩ ይገለበጣል። ከአንድና ከራሱ በቀር ለማንም የማይካፈል ብቸኛ ቁጥር ይሆናል፤ ብዙዎቻችን ፕራይም ብለን የተማርነው ማለት ነው። ከትንሹ ጀምሮ ብቸኛ ቁጥሮች በተርታ ቢሰለፉ እሱ 105,097,565ኛው ነው።

እንዴት ይነበባል? በግዕዝ ቁጥርስ ይጻፋል?

ሁለት ቢሊዮን አንድ መቶ አርባ ሰባት ሚሊዮን አራት መቶ ሰማንያ ሦስት ሺህ ስድስት መቶ አርባ ሰባት። አንድ ትንፋሽ ይበቃዋል።

በግዕዝ ደግሞ ያምርበታል፦ ፳፩፼፵፯፻፵፰፼፴፮፻፵፯። የግዕዝ አጻጻፍ ዜሮ የለውም። አሃዞቹን ከቀኝ ጀምሮ ሁለት ሁለት አድርጎ ያስራቸዋል፦ 21፣ 47፣ 48፣ 36፣ 47። በመካከላቸው ፻ (መቶ) እና ፼ (እልፍ፣ ማለትም 10,000) እየተፈራረቁ ይገባሉ። ፳፩፼፵፯፻፵፰ የሚለው 214,748 ነው። እሱ በ፼ ሲባዛና ፴፮፻፵፯ ሲጨመርበት ቁጥራችን ይመጣል። ሺህና ሚሊዮን የሚባል ነገር የለም፤ ሁሉም ነገር በመቶና በእልፍ ነው። ሞክሩት፤ ከቁጥሩ ጋር መተዋወቂያው ጥሩ መንገድ ይሄ ይመስለኛል።

"አንድ ሲቀነስ" የሚለው ለምንድን ነው? ዝም ብሎ የመጣ ነው?

አይደለም። አንድ ቀጣሪ በመጀመሪያው ቀን አንድ ሳንቲም፣ በሁለተኛው ሁለት፣ በሦስተኛው አራት እያለ እጥፍ እጥፍ ሊከፍላችሁ ተስማማ እንበል። የየቀኑ ክፍያ እስከዚያ ድረስ ከተከፈላችሁ ድምር ሁልጊዜ በአንድ ሳንቲም ይበልጣል። በሦስተኛው ቀን አራት ትቀበላላችሁ፤ ከዚያ በፊት በእጃችሁ ያለው ሦስት ነው። በአራተኛው ስምንት፤ በእጃችሁ ሰባት። ስለዚህ የ31 ቀኑ ድምር በ32ኛው ቀን ከሚከፈለው በአንድ ያንሳል። የ32ኛው ቀን ክፍያ 2³¹ ነው። የእናንተ ድምር፣ እነሆ፣ 2³¹ − 1 ሳንቲም፤ በብር 21,474,836 ብር ከ47 ሳንቲም።

የእኛ ወር 30 ቀን ስለሆነ ወር ሞልቶ አንድ ቀን ማደር ያስፈልጋል። ያቺ አንድ ቀን ብቻዋን ከ10 ሚሊዮን ብር በላይ ታስገኛለችና አትቅሩ።

በእርግጥ አይካፈልም? ማን አረጋገጠው?

የስዊዘርላንዱ የሒሳብ ሊቅ ሌኦናርድ ኦይለር። ሴንት ፒተርስበርግ ተቀምጦ በ1772 ለቤርኑሊ፣ ለሌላ የሒሳብ ሰው፣ በጻፈው ደብዳቤ ነው ያሳወቀው። ያኔ ዕድሜው 60ዎቹን አጋምሷል፤ ዓይኑም ከሞላ ጎደል ታውሯል። ካልኩሌተር የለም፤ ኮምፒውተር የለም።

ዘዴውን ላስረዳ፤ ከሁሉም የምወደው ክፍል ይሄ ነው።

አንድ ቁጥር የሚካፈል ከሆነ ቢያንስ አንዱ አካፋዩ ከስኩዌር ሩቱ አይበልጥም። የእኛ ቁጥር ስኩዌር ሩት 46,340 ከምናምን ነው። እስከዚያ ድረስ ወደ 4,800 የሚጠጉ ብቸኛ ቁጥሮች አሉ። በእያንዳንዳቸው በእጅ ማካፈል እንግዲህ የወራት ሥራ ነው። ኦይለር ግን ወንፊት ነበረው።

ወንፊቱን በትንሽ ምሳሌ እንየው። 2¹¹ − 1 = 2,047 ነው። ይህ ይካፈላል፦ 23 × 89። አሁን 23 እና 89ን አስተውሉ። 23 ማለት 22 ሲደመር 1 ነው። 89 ደግሞ 4 × 22 ሲደመር 1። 22 ደግሞ የ11 እጥፍ ነው። ይህ የአጋጣሚ ነገር አይደለም። አርቢው ብቸኛ ቁጥር ሲሆን (እዚህ 11፣ የእኛው ዘንድ 31) አካፋይ ሊሆን የሚችለው ብቸኛ ቁጥር ሁሉ የአርቢው እጥፍ በሆነ ነገር ተባዝቶ አንድ የተጨመረበት መሆን አለበት። ለእኛ ቁጥር የ31 እጥፍ 62 ነው። ስለዚህ 63፣ 125፣ 187፣ 249፣ 311 እያሉ መሄድ ነው። ሌላው ሁሉ ከመጀመሪያው ወደቀ።

ሁለተኛ ወንፊትም አለ። አካፋዩ ለ8 ሲካፈል ቀሪው 1 ወይም 7 መሆን አለበት። 125 ቀሪው 5 ነው፤ ሂድ። 187 ቀሪው 3፤ ሂድ። በሁለቱ ወንፊቶች አልፈው የሚቀሩት 373 ናቸው። ከእነሱም ውስጥ እንደ 249 ያሉትን (3 × 83 ነው) መዝለል ይቻላል። የወራቱ ሥራ የጥቂት ቀን ሆነ ማለት ነው። ኦይለር አካፈለ፤ አንዱም አላካፈለውም።

ሜርሴን ብቸኛ ቁጥር የሚባለው ይሄ ነው?

አዎ፣ ስምንተኛው። ማሪን ሜርሴን ፈረንሳዊ መነኩሴ ነበር። በ1644 ሁለት በየትኞቹ አርቢዎች ከፍ ብሎ አንድ ሲቀነስ ብቸኛ ቁጥር እንደሚሰጥ ዘረዘረ፦ 2፣ 3፣ 5፣ 7፣ 13፣ 17፣ 19፣ 31፣ 67፣ 127፣ 257። ማረጋገጫ አላቀረበም። 31 ላይ ልክ ነበር። 67 እና 257 ላይ ተሳስቷል፤ 61፣ 89 እና 107ን ደግሞ ዘሏቸዋል። ከእሱ በፊት ጣልያናዊው ካታልዲ በ1588 የ17ን እና የ19ን በትክክል አረጋግጦ ነበር። ስለ 31 የሰጠው ግምትም ልክ ነበር። ነገር ግን በዚያው አፉ 23፣ 29 እና 37ንም አብሮ ስላላቸው ብዙም አላደንቀውም።

የ67 ነገር ያስቃል። በ1903 አሜሪካዊው ፍራንክ ኮል የሒሳብ ሰዎች ስብሰባ ላይ ወጣ። አንድም ቃል ሳይናገር ሰሌዳው ላይ 2⁶⁷ − 1ን አስልቶ ጻፈ። ከጎኑ 193,707,721 × 761,838,257,287ን አባዝቶ አሳየ። ሁለቱ እኩል ሆኑ። ጠመኔውን አስቀምጦ ተቀመጠ፤ ቤቱ በጭብጨባ ቀለጠ። ስንት ጊዜ እንደፈጀበት በኋላ ሲጠየቅ "የሦስት ዓመት እሑዶች" ብሎ መልሷል ይባላል።

አርቢው ብቸኛ ቁጥር ከሆነ ውጤቱም ብቸኛ ነው ማለት ነው?

አይደለም። 11 ብቸኛ ነው፤ 2,047 ግን ሲካፈል አይተናል። ተገላቢጦሹ ግን እውነት ነው፦ አርቢው የሚካፈል ከሆነ ውጤቱ በፍጹም ብቸኛ አይሆንም።

በእጄ ልፈትሸው እችላለሁ?

ሙሉ በሙሉ ለመፈተሽ ትዕግሥት ይጠይቃል። አንድ ደስ የሚል ነገር ግን በአምስት ደቂቃ ታገኛላችሁ። ለ3 አካፍሉት፤ 1 ይቀራል። ለ7፤ 1 ይቀራል። ለ9፤ 1። ለ11፤ 1። ለ31፤ አሁንም 1። እዚህ ላይ ሰው "ቆይ፣ ሁልጊዜ 1 ነው እንዴ?" ይላል። ለ13 አካፍሉት፤ 10 ይቀራል። ተረጋጉ።

ምስጢሩ ጎረቤቱ ዘንድ ነው። በአንድ የሚያንሰው 2,147,483,646 እንዲህ ይበተናል፦ 2 × 3 × 3 × 7 × 11 × 31 × 151 × 331። በእነዚህ በሙሉ ያለ ቀሪ የሚካፈል ቁጥር ላይ አንድ ብትጨምሩ ቀሪው 1 ይሆናል። ከታች እንዲህ ፍርፍር የሚል ጎረቤት፣ ከላይ ከሁለት በቀር ምንም የሌለው 2³¹፤ መካከላቸው ላይ የማይሰበር። ይህን ሳስብ ሁሌ ፈገግ እላለሁ።

ብቸኛ ዘመዶቹ ግን ሩቅ አይደሉም። ከእሱ በፊት ያለው ብቸኛ ቁጥር 2,147,483,629 ነው፤ ከእሱ ቀጥሎ ያለው 2,147,483,659።

ፍጹም ቁጥር ከሚባለው ጋር ምን አገናኘው?

6ን የሚያካፍሉት ከራሱ በቀር 1፣ 2 እና 3 ናቸው። ሲደመሩ 6። 28ም እንዲሁ ነው፦ 1 + 2 + 4 + 7 + 14። እንዲህ ያለ ቁጥር ፍጹም ይባላል። ኤውክሊድ ከክርስቶስ ልደት በፊት አንድ መንገድ አሳይቷል፦ ሜርሴን ብቸኛ ቁጥር በተገኘ ቁጥር ከእሱ አንድ ፍጹም ቁጥር ይወለዳል። 3 × 2 = 6፣ 7 × 4 = 28፣ 31 × 16 = 496። የእኛን ቁጥር በ2³⁰ ስናባዛው 2,305,843,008,139,952,128 ይመጣል። ስምንተኛው ፍጹም ቁጥር ነው።

እንግሊዛዊው ፒተር ባርሎው በ1811 ስለዚህ ፍጹም ቁጥር ሲጽፍ ከዚህ የሚበልጥ መቼም አይገኝም ብሎ ነበር። ምክንያቱን ስሙ፦ እነዚህ ነገሮች ለጉጉት እንጂ ለጥቅም ስለማይሆኑ ማንም አይደክምባቸውም አለ። ሰውን አላወቀውም። ፈረንሳዊው ኤድዋርድ ሉካስ በ1876 2¹²⁷ − 1 ብቸኛ መሆኑን አሳየ፤ ከእሱም ሌላ፣ እጅግ የሚበልጥ ፍጹም ቁጥር ወጣ።

ኮምፒውተር ለምን እዚህ ላይ ይቆማል?

ኮምፒውተር የሚቆጥረው በ0 እና በ1 ነው። በዚያ አጻጻፍ የእኛ ቁጥር 31 አንዶች በተርታ ነው፤ ዜሮ አንድም የለበትም። ለረጅም ጊዜ ለአንድ ሙሉ ቁጥር የሚሰጠው ቦታ 32 ቢት ነበር፤ አንድ ቢት ማለት አንድ 0 ወይም 1 የሚቀመጥበት ቦታ ነው። ዛሬም በብዙ ፕሮግራሞች እንደዚያው ነው። አንዱ ቢት ለመደመርና ለመቀነስ ምልክት ይወሰዳል፤ 31 ይቀራል። 31ዱም በ1 ሲሞሉ ቦታ አለቀ። አንድ ሲጨመር ምልክቱ ይገለበጥና ቁጥሩ −2,147,483,648 ይሆናል። እንደ ድሮ መኪና የኪሎ ሜትር መቁጠሪያ ዞሮ ይጀምራል፤ ልዩነቱ ከዜሮ ሳይሆን ከአሉታዊው ጫፍ መጀመሩ ነው።

ብቸኛ ቁጥር መሆኑ እዚህ ላይ ምንም ሚና የለውም፤ ብዙ ሰው ይህን ያምታታል። 8 ቢት ሲሆን ጣሪያው 127 ነው፤ እሱም ብቸኛ። 16 ቢት ሲሆን 32,767 ነው፤ እሱ ግን ለ7 ይካፈላል። የአሁኑ 64 ቢት ጣሪያ 2⁶³ − 1ም ለ7 ይካፈላል። 31 የገጠመን በዕድል ነው።

በ2014 መጨረሻ የዩቲዩብ የተመልካች መቁጠሪያ ይህን ወሰን አልፏል። የደቡብ ኮሪያው ዘፋኝ ሳይ ያችን የፈረስ ጭፈራ ዘፈኑን ዓለም አይቶ አልጠግብ ብሎ ነው። ዩቲዩብም መቁጠሪያውን ወደ 64 ቢት አሳደገ።

የደንበኞቼ ስልክ ቁጥር ሁሉ 2147483647 ሆኗል፤ ምን ነክቶት ነው?

ይህን ጥያቄ በሳቅ ነው የምመልሰው፤ እኔም ላይ ደርሷል። የሆነ ቦታ ስሠራ የደንበኞችን ዝርዝር ከፍቼ መቶዎቹ ሰዎች አንድ ስልክ ሲጋሩ አገኘሁ። ስልኩን የሚይዘው ዓምድ ተራ ኢንት፣ ማለትም ባለ 32 ቢት ሙሉ ቁጥር፣ ተደርጎ ነበር። 2519 ብሎ የሚጀምር ባለ 12 አሃዝ ቁጥር ሲገባበት 251 ቢሊዮን ምናምን ይሆንበታል። ዳታቤዙ መያዝ ስላልቻለ የሚችለውን ትልቁን ጻፈ፤ ስህተትም አልጮኸም። በ09 የተመዘገቡት ተርፈዋል፤ እነሱም ቢሆኑ ከፊት ያለችውን ዜሮ አጥተዋል። የጠፋው ስልክ አይመለስም፤ ደንበኛውን እንደገና መጠየቅ ነው። ስልክ የምትደምሩትና የምትቀንሱት ነገር አይደለምና እንደ ጽሑፍ አስቀምጡት።

በ2038 ምን ይፈጠራል?

ብዙ ኮምፒውተሮች ሰዓት የሚቆጥሩት ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ጀምሮ ሰከንዶችን እየደመሩ ነው። በእኛ ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. ማለት ነው። 2,147,483,647 ሰከንድ 68 ዓመት ገደማ ይሆናል። ሰከንዱን በ32 ቢት የሚይዝ መሣሪያ ቦታው የሚሞላው በዓለም አቀፉ ሰዓት ጃንዋሪ 19 ቀን 2038 ከሌሊቱ 3:14:07 ላይ ነው።

አሁን ወደ እኛ አቆጣጠር እንመልሰው። ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም.፣ ማክሰኞ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ። ጥምቀት ነው! በከተራ የወጡት ታቦታት ባደሩበት፣ ሰው ነጭ ለብሶ ጥምቀተ ባሕሩን ከቦ ባለበት ሰዓት ነው ቆጠራው የሚያልቀው። ባልታደሰው መሣሪያ ላይ ቀጣዩ ሰከንድ ታኅሣሥ 4 ቀን 1894 ዓ.ም. ይሆናል። አፄ ምኒልክ ዙፋን ላይ ናቸው።

ስልካችሁ ያኔ ምኒልክ ዘመን ይገባል ብላችሁ አትስጉ። አዳዲሶቹ ስልኮችና ኮምፒውተሮች በአብዛኛው ሰዓትን በ64 ቢት ይይዛሉ። የሚያሳስቡት ግድግዳ ውስጥ፣ ፋብሪካ ውስጥ፣ አሮጌ ማሽን ሆድ ውስጥ ተረስተው የሚቀሩት ናቸው።

ብቸኛ መሆኑ ለሥራ የሚጠቅምበት ቦታ የለም?

አለ። ኮምፒውተር የዕጣ ቁጥር የሚመስል ነገር ሲፈልግ ከሚጠቀምባቸው የታወቁ ዘዴዎች አንዱ ይህ ነው፦ ከ1 ጀምሩ፣ በ16,807 አባዙ፣ ለ2,147,483,647 አካፍሉና ቀሪውን ያዙ። ቀሪውን እንደገና አባዙ። የሚመጣው 16,807፣ ከዚያ 282,475,249፣ ከዚያ 1,622,650,073 እያለ ይቀጥላል። ከ1 እስከ 2,147,483,646 ያሉትን ሁሉ አንድ አንድ ጊዜ ሳይነካ ወደ 1 አይመለስም። አካፋዩ ብቸኛ ቁጥር ባይሆን ኖሮ ይህ ሙሉ ዙር አይሳካም ነበር። ለይለፍ ቃልና ለሚስጥር ሥራ ግን አትጠቀሙበት፤ አንዱን ያየ ሰው ቀጣዩን በቀላሉ ያሰላዋል።

አሁንም ትልቁ ብቸኛ ቁጥር ነው?

እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ ከሚታወቁት ሁሉ ትልቁ ነበር። ዛሬ ከተራው አንዱ ነው። በኦክቶበር 2024 ይፋ የሆነው 2¹³⁶’²⁷⁹’⁸⁴¹ − 1 ብቻውን 41,024,320 አሃዝ አለው። የእኛው አሥር።

31 ራሱ 2⁵ − 1 ነው። ታዲያ የእኛን ቁጥር አርቢ ብናደርገውስ?

ይህን የጠየቀ ሰው በትክክል ገብቶታል ማለት ነው። 5 ብቸኛ ነው። 2⁵ − 1 = 31፣ ብቸኛ። 2³¹ − 1፣ ብቸኛ። አሁን ሁለትን 2,147,483,647 ጊዜ አባዝተን አንድ ብንቀንስስ? የሚመጣው ከ646 ሚሊዮን በላይ አሃዝ ያለው ነው።

ሰንሰለቱ እዚህ ላይ ይበጠሳል። ያ ግዙፍ ቁጥር ለ295,257,526,626,031 ይካፈላል። ይህን አካፋይ ከፈታችሁት 2 × 68,745 × 2,147,483,647 ሲደመር 1 ነው። ኦይለር በ62 የሠራበት ያው ወንፊት ማለት ነው፤ አሁን ግን የእኛው ቁጥር ራሱ ወንፊት ሆኗል።